የጤና ቤቱን ክዳን ፍለጋ ወደ ጋምቤላ

ወደ ጋምቤላ የሚሄድ ሰው ይህን ባያነብም ግድ የለም፤ ሄዶ በዓይኑ ያየዋል። እኔ የምጽፈው እንደ ጎረቤቶቼ ከጉለሌ ተነሥቶ ቃሊቲን ለማያልፍ ሰው ነው። እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ከእነሱ አንዱ ሆኜ ብቀር ደስ ባለኝ። ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት ነው። ጉልበቴን ያመኛል። ሙቀት አልወድም፣ አቧራ አልወድም፣ ከማላውቀው ሰው ጋር አንድ ክፍል ማደርማ ጨርሶ አልወድም። በአሥር ቀን ውስጥ ሦስቱንም እስኪበቃኝ አገኘሁ።

የላከኝ ሣጥኑ ነው። ሣጥን የምንለው የሠፈራችን ሰዎች ያቋቋሙትን የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ነጋዴውም፣ አስተማሪውም፣ እንደኔ ያለው ጡረተኛም በየወሩ የቻለውን ያዋጣል፤ ሣጥኑ ደግሞ በየጠቅላይ ግዛቱ ላሉ ትንንሽ ማኅበሮች ይሰጣል። አንዱ ማኅበር ዓይነ ስውራንን ሽመና ያስተምራል፣ ሌላው ወላጅ የሞተባቸውን ያሳድጋል። እኛ ሥራቸውን አንሠራላቸውም። እነሱ የሚችሉትን ያቀርባሉ፣ እኛ የጎደለውን እንሞላለን፤ ነገሩ ይኸው ነው። እኔ የሣጥኑ ጸሐፊ ነኝ።

በጋምቤላ አውራጃ፣ ከኢታንግ ወዲያ ያሉ ኑዌሮች የሕመምተኛ መርጃ ማኅበር አቋቁመው ነበር። አምና እንጨቱንና ጉልበቱን እነሱ አወጡ፤ እኛ ለጤና ቤታቸው አሥራ ሁለት ቆርቆሮ፣ የወባ ኪኒን፣ መድኃኒት ለሚያድለው ድሬሰራቸውም መተዳደሪያ ሰጠን። ዘንድሮ ኪኒኑ እንዳይቋረጥባቸው ጠየቁ። ደንባችን ደግሞ ሁለተኛ እርዳታ ከመሰጠቱ በፊት ሰው ሄዶ ሦስት ነገር በዓይኑ እንዲያይ ያዛል፤ ክዳን፣ እኛ ያጻፍነው ሰሌዳ፣ የማኅበሩ ማኅተም። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔው ነኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ ማኅበር የሰጠነውን ቆርቆሮ ሸጦ ከበላብን በኋላ፣ ክዳን ሳላይ ማንንም አላምንም ብዬ ነበር።

ሰብሳቢያችን ወይዘሮ አሰገደች ሲያሰናብቱኝ እንዲህ አሉኝ፦ "አቶ ታፈሰ፣ ኮሚቴው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበሰባል። ሁለት አመልካች አለን፤ ያለን ግን ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። እርስዎ እስኪመለሱ መጠበቅ አይቻልም። ያዩትን በቴሌግራም ይላኩልን፣ የእርስዎ ቃል ከደረሰን ሌላ ማስረጃ አንጠይቅም።"

ይህን ሲሉኝ ኮራሁ። የካቲት ነበር።

ሰኞ

አውቶቡሱ ከመርካቶ ሲነሣ ገና አልነጋም። የደረሰኝ ቦታ ከጎማው በላይ ያለው ነው። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ጭንቅላቴ ጣሪያውን ይመታል፤ አጠገቤ የተቀመጠው የጅማ ቡና ነጋዴ በየምቱ "እግዜር ይማርህ!" ይለኛል፣ እንዳስነጠሰ ሰው። መጀመሪያ ሳቅሁለት። ጊቤን ስንሻገር መሳቅ አቆምኩ።

ጅማ የገባነው ሲመሽ ነው። ያረፍኩበት ሆቴል አልጋው ነጭ አንሶላ አለው፣ ከአንሶላው ሥር ደግሞ ትኋን አለው። ቤቴ ትኋን የለም አልልም፤ የቤቴ ትኋን ግን ያውቀኛል። ልብሴን እንደለበስኩ ወንበር ላይ አደርኩ።

ማክሰኞ

ከጅማ እስከ መቱ ቀኑን ሙሉ ጫካ ነው። የኛ ጉለሌ ባሕር ዛፍ ወታደር ይመስል ተሰልፎ ይቆማል፤ የኢሉባቦር ዛፍ ግን አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቶ፣ ሐረጉ ተጠላልፎ ሰማዩን ይሸፍነዋል። ከበደሌ ወዲህ ጎማ ፈነዳ። ተለዋጩም ጎማ ነፋስ የለውም። ሾፌሩ ረዳቱን ሰደበ፣ ረዳቱ የጅማውን ጎሚስታ ሰደበ፣ እኛ ሦስቱንም ሰደብን። ሦስት ሰዓት ቆመን ሳለ በእግሯ የምታልፍ አንዲት ሴት አየችን፤ ምንም ሳትጠይቅ ወደ ጫካው ገብታ ጠፋች፤ ስትመለስ በቅል ማርና በኮባ የተጠቀለለ ቂጣ ይዛ መጣች። አማርኛ አታውቅም፣ እኔ ኦሮምኛ አላውቅም። ገንዘብ ልንከፍላት ብንል ተቆጣችና ጥላን ሄደች። እንዲህ ያለ ሰው ባለበት አገር ስለ መንገዱ ማማረር ያሳፍራል፤ እኔ ግን መቱ እስክንገባ አማረርኩ።

ረቡዕ

ከመቱ ጎሬ፣ ከጎሬ በጨው ጫኝ መኪና ቁልቁል። ቡሬ ላይ ካፖርት ለብሼ ነበር። ትንሽ ወረድ እንዳልን ካፖርቱን አወለቅሁ፤ ወረድ እንዳልን ኮቱን፤ ከዚያ ከረባቱን። ሾፌሩ ሰረቅ አድርጎ እያየኝ፣ "ጋሼ፣ እንደዚህ ከቀጠሉ ጋምቤላ ሲደርሱ ምን ሊቀርዎት ነው?" አለኝ።

ጋምቤላ ስደርስ የቀረኝ ራስ ምታት ብቻ ነበር። ሙቀቱን እንዴት ልንገራችሁ? የዳቦ መጋገሪያ ስትከፍቱ ፊታችሁን የሚመታው ወላፈን፣ እሱ ነው፤ ግን የሚዘጋ በር የለውም።

ያሳደሩኝ ሐጂ ኑሩ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው መርከቡ ገና ከሱዳን እየመጣ ሲያራግፍ ሳለ ወርደው፣ መርከቡ ሲቀር እሳቸው ቀሩ። ሱቃቸው ከባሮ ዳር ብዙ አይርቅም፤ ጨው፣ አቡጀዲ፣ ምስማር፣ የመንጠቆ ክር፣ ቆርቆሮም ይሸጣሉ። የማኅበሩን ቆርቆሮ የገዛነው ከእሳቸው ነው። ይዤው የሄድኩትን የሣጥኑን ደብዳቤ ሳያነቡ ኪሳቸው ከተቱና፣ "ወረቀቱ ይቆይ፤ ሰውየው ይረፍ" ብለው ከማንጎው ዛፍ ሥር የሽቦ አልጋ ዘረጉልኝ። ራታቸው የባሮ ዓሣ በበርበሬ ነበር። ከድካሜ ብዛት ስሙን እንኳ ሳልጠይቅ በላሁት።

ሐሙስ

ጠዋት ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ በታች የተቀመጠው ጸሐፊ መኪና ያለው ነገ እንደሆነ ነገረኝ። የኮሚቴው ቀን እየደረሰብኝ ነው ብዬ ብነግረው አላዘነልኝም። ትክክል ነው፤ ምኑ ነኝ?

ስመለስ የጫማዬ ሶል ከሙቀቱ የተነሣ ሙጫው ለቆ መሬት ላይ ቀረ። ሐጂ ኑሩ አዩኝና የራሳቸውን ነጠላ ጫማ አውልቀው ሰጡኝ። "እርስዎስ?" ብላቸው፣ "እኔ እግሬ የዚህ አገር ሆኗል" አሉ። ከሰዓት በኋላ ባሮ ዳር ተቀመጥኩ። በጉለሌ ወንዝ ብለን የምንጠራትን ነገር አሰብኩና አፈርኩ፤ ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል የሚባለው ለእኔ ነው። ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ የአሮጌው ወደብ መጋዘኖች ዝገው ቆመዋል። እግሬን ውሃው ውስጥ ልነክር ስል አንድ ዓሣ አጥማጅ ከሩቅ ጮኸብኝ፤ አዞ እንዳለ ለማስረዳት ሁለት እጁን ከፍቶ ግጥም አደረገ። እግሬን አነሣሁ።

ስለ ማኅበሩ ሐጂን ስጠይቃቸው፣ "ድሬሰሩ ጋትሉዋክ ጨዋ ልጅ ነው" አሉኝ። "ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ይመጣል፤ እሱን ይጠብቁና አብራችሁ ሂዱ።" እኔ ግን ዓርብ አይቼ፣ ቴሌግራም ልኬ፣ ቅዳሜ በሚነሣው የጎሬ መኪና ልሄድ ቆርጫለሁ። አልጋዬ ናፍቆኛል።

ዓርብ

የጽሕፈት ቤቱን ላንድሮቨር የሚነዳው ኡጁሉ የሚባል አኙዋክ ነው። ቁመቱ ከመኪናው ስለሚበልጥ አንገቱን አዘንብሎ ይነዳል። ሜዳው በእሳት ጠቁሯል፤ ሣሩን ያቃጠሉት አዲሱ እንዲበቅል ነው አለኝ። ኢታንግን አልፈን ከወንዙ ርቀን ወደ ደረቁ ሜዳ ገባን። ስድስት ሰዓት ላይ መንደሩ ደረስን።

መንደሩ ባዶ ነው። ሰው የለም፣ ከብት የለም፣ ውሻ የለም። ጎጆዎቹ በራቸው በእሾህ ተዘግቷል። ጤና ቤቱን ወዲያው አወቅሁት፤ አራት ማዕዘን የሆነው እሱ ብቻ ነው። ግድግዳው ቆሟል። ክዳኑ ግን የለም! አንድም ቆርቆሮ የለም። ቀና ብዬ ሰማይ አየሁ። ሰሌዳው በተሰቀለበት ቦታ ሁለት የምስማር ቀዳዳ ቀርቷል።

ደሜ ፈላ። "ይኸው!" አልኩ፣ "ይኸው! ደግሞ እንደገና!"

ከአንዱ ጎጆ ጥላ ሥር አንዲት በጣም ያረጁ ሴት ከአንድ ልጅ ጋር ተቀምጠው ነበር። ኡጁሉ ትንሽ ኑዌርኛ ይችላል፤ ጠየቃቸው። እሳቸው በበትራቸው ወደ ወንዙ አቅጣጫ እያመለከቱ ብዙ ተናገሩ።

"ምን አሉ?"

"ሰው ወንዝ ሄዷል ትላለች። ከብት ወንዝ ሄዷል።"

"ክዳኑስ?"

ኡጁሉ ጠይቆ መለሰልኝ። "ክዳኑም ሄዷል ትላለች።"

"ክዳን እግር አለው እንዴ?" አልኩ። ኡጁሉ ትከሻውን ሰበቀ። "እሷ ያለችውን ነው የነገርኩህ። ወንዝ እንሂድ? ሁለት ሰዓት ይሆናል።"

እዚህ ላይ የሆነውን ሳልደብቅ ልጻፍ። ሁለት ሰዓት ወደ ወንዝ፣ ከዚያም በላይ መመለሻ ማለት ነው። ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል። ጉልበቴ አብጧል። የቴሌግራፍ ቤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ደግሞ አውቄዋለሁ ብዬ ነበር፤ ክዳን ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። "ያየሁት ይበቃኛል፤ አዙር" አልኩት።

ከመዘጋቱ ጥቂት ቀደም ብዬ ደረስኩና ጻፍኩ፦ "ክዳን የለም። ሰሌዳ የለም። ሰው የለም። እርዳታው ለሌላው ይሰጥ።" የቴሌግራፍ ሠራተኛው፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፣ ካነበበ በኋላ ቀና ብሎ አየኝና ላከው።

ማታ ለሐጂ ስነግራቸው የጎረሱትን ዋጡና፣ "ላኩት?" አሉኝ።

"ላክሁት።"

"አንድ ቀን ቢጠብቁ ምን ነበረበት፣ አቶ ታፈሰ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል'ኮ።"

"ቆርቆሮው የለም ሐጂ! በዓይኔ አየሁ!"

"አዩ" አሉ።

ቅዳሜ

የጎሬው መኪና ተበላሽቶ አልተነሣም። በሱቁ ደጃፍ ተቀምጬ እግዜርንና ሾፌሩን ስወቅስ አንድ ረጅም ሰው መጣ። ግንባሩ ላይ የኑዌር ወንዶች የሚበጡት የጠባሳ መስመር አለው፤ ልብሱ እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው። በአንገቱ በጠፍር የታሰረች የቆዳ ከረጢት አንጠልጥሏል።

"አቶ ታፈሰ አንተ ነህ? እኔ ጋትሉዋክ ነኝ። አሮጊቷ ልጁን ላከችብኝ። ሌሊት መጣሁ" አለኝ።

አንተ መባሌ ትንሽ ቆረቆረኝ። በኋላ ሲገባኝ ለሁሉም ሰው አንተ ነው የሚለው፤ አማርኛን የተማረው እንዲህ ነው። "ክዳኔ የታለ?" አልኩት በቁጣ።

ፈገግ አለ። "ና ላሳይህ።"

የሐጂ ኑሩ መኪና ደረቅ ዓሣ ለመጫን ኢታንግ እየሄደ ነበር። ሐጂ እጄን ይዘው አሳፈሩኝ፤ ስለ ቴሌግራሙ ለጋትሉዋክ አልነገሩትም። ያንን ለእኔ እንደተዉልኝ ገባኝ።

ከኢታንግ ወርደን በወንዙ ዳር አንድ ሰዓት በእግር ሄድን። ከብቱ ከመብዛቱ የተነሣ አሸዋው አይታይም። ሰዉ ሁሉ እዚያ ነው፤ የኩበት ጭስ ውስጥ ሴቶች ያልባሉ፣ ወንዶች ካስማ ይተክላሉ። በመካከሉ በስምንት ምሰሶ ላይ፣ ግድግዳ የሌለው፣ በጠፍር የታሰረ የቆርቆሮ ክዳን ቆሟል። ከሥሩ እናቶች ሕፃናት ታቅፈው ተቀምጠዋል። አጠገቡ ካለው ዛፍ ላይ ሰሌዳችን ተቸንክሯል፤ አዲስ አበባ ያጻፍነው፣ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም።

ቆሜ ቀረሁ።

ጋትሉዋክ ወደ ክዳኑ ጣቱን ቀሰረ። በየቆርቆሮው ጠርዝ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፏል፤ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት። "ቁጥሩ ለምስማሩ ነው። አንደኛው አንደኛ ቦታ ይመለሳል። ያው ቀዳዳ፣ ያው ምስማር። ሌላ ቀዳዳ ካበጀህ በክረምት ያፈሳል" አለኝ። በጋ ሲገባ መንደሩ ውሃም ሣርም የለውም፤ ሰዉ ከብቱን ይዞ ወንዝ ይወርዳል። ዝናብ ሲመጣ ወንዙ ሜዳውን ስለሚሸፍነው ወደ መንደሩ ይመለሳል። ይህ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የኖረ ነው፤ በጋምቤላ የማያውቀው ሰው የለም፤ ስላልጠየቅሁ ማንም አልነገረኝም። እኔ ብቻ ክዳን አንድ ቦታ ይቆማል ብዬ ደንብ ጽፌአለሁ።

"ለምን ለኛ አልጻፍክልንም?" አልኩት።

ግራ ተጋብቶ አየኝ። "ምን ብዬ? በሽተኛው እዚህ ነው። ክዳኑ እዚያ ምን ያደርጋል?"

ከከረጢቱ ማኅተሙን አወጣና አሳየኝ። ከዚያም የኪኒኑን ጣሳ ከፈተ። ከግማሽ በታች ሆኗል። "እስከ ግንቦት ያደርሰናል" አለ። "በክረምት ግን ወባ ብዙ ነው። ውሃው መንገዱን ይዘጋል፣ ሕፃን ይዘህ ኢታንግ መድረስ የለም። አምና ኪኒን ስለነበረ ጥሩ ነበር። ካቻምና..." እጁን ወደ እናቶቹ ዘረጋ። "ካቻምና ከነዚህ ብዙዎቹ ልጅ ቀብረዋል። ዘንድሮም ትልክልናለህ አይደል?"

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። "እየተነጋገርንበት ነው" አልኩት።

አንድ ሽማግሌ መጥተው "ማሌ!" አሉኝ፤ ሰላምታቸው ነው። የማሽላ ቅንጬ የመሰለ ነገርና በትልቅ ቅል ወተት አቀረቡልኝ፤ ወተቱ ገና ትኩስ ነው። ሽማግሌው ሲናገሩ ጋትሉዋክ ተረጎመልኝ፦ "ያንተ ሰዎች አያውቁንም፣ ግን ልጆቻችንን በሕይወት አኑረዋል፤ ከእነሱ መጥቶ የጎበኘን አንተ የመጀመሪያው ነህ ይላል።" ወተቱን ጠጣሁት። እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም። ነገ ማልጄ ቴሌግራሙን እሽረዋለሁ፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም። ከትንኙ እንዲያድነኝ አመድ ቀቡኝና ከጭሱ አጠገብ አስተኙኝ። ትኋን አልነበረም፣ ግን ዓይኔን አልከደንኩም።

እሑድ

መኪናው ጋምቤላ ሲገባ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ቅዳሴ ገና አልወጣም፤ ልደርስበት እችላለሁ። ቴሌግራፍ ቤቱ ዝግ ነው። በሐጂ ነጠላ ጫማ እየተንሸራተትኩ ሮጥኩ፣ ከሃያ ዓመት ወዲህ አልሮጥኩም ነበር። ሠራተኛውን ከቤተ ክርስቲያን አስጠራሁት። ነጠላውን እንዳጣፋ መጣ፣ አልተቆጣም። ቤቱን ከፍቶ መሣሪያው ላይ ተቀመጠና መልእክቱ የሚያልፍበትን የጎሬን ቴሌግራፍ ቤት ጠራ። ደግሞ ጠራ። ብዙ ጊዜ ጠራ።

"ጋሼ፣ እሑድ ነው" አለኝ በመጨረሻ። "ጎሬ የሚሰማኝ ሰው የለም።"

"ደግመህ ሞክር፣ በእመቤቴ!"

እስከ ስድስት ሰዓት ሞከረ። ምሳውንም አልበላም። እኔ አጠገቡ ቆሜ፣ ወይዘሮ አሰገደች አሁን ተቀመጡ፣ አሁን ቴሌግራሜን አነበቡ፣ አሁን እጅ ወጣ እያልኩ አስባለሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ወንበር አቀረበልኝ፤ ተቀመጥኩ።

ከሰኞ እስከ ረቡዕ

ስመለስ ያየሁትን አላስታውስም። ሰኞ ጠዋት መሰረዣውን ቴሌግራም ላክን። ዳገቱን ስንወጣ ብርድ መታኝ፣ ኮቴን ለበስኩ፣ ካፖርቴን ደረብኩ። ጅማ ያ ትኋን ያለበት አልጋ ላይ ተኛሁ፤ ይብላኝ ብዬ ተውኩት። ሐጂ ኑሩ ስንቅ የቋጠሩልኝን ዓሣ እስከ አዲስ አበባ ሳልነካው ደረስኩ።

ወይዘሮ አሰገደች ቤታቸው ጠበቁኝ። ገንዘቡ እሑድ ለሌላው አመልካች ተወስኗል፤ ሰኞ ጠዋት መሰረዣዬ ሳይደርስ ተልኳል። ያም ማኅበር ወላጅ አልባ ልጆች የሚያሳድግ ነው፣ መልሱ አይባልም። እንደቆምኩ ሁሉን ነገርኳቸው፤ ባዶውን መንደር፣ አሮጊቷን፣ ኡጁሉ ወንዝ እንሂድ ማለቱን፣ እኔ አዙር ማለቴን።

"ደክሞኝ ነው" አልኳቸው። "ሌላ ምክንያት የለኝም። ደክሞኝ ነው።"

"እኛ እኮ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅንም፣ አቶ ታፈሰ" አሉ። "የእርስዎ ቃል ነው ብለን።" ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀጥለው፣ "ለሰዎቹ ማን ይንገራቸው?" አሉ።

"እኔ እጽፋለሁ።"

በማግሥቱ ኮሚቴው ስለ ክዳን የሚለውን አንቀጽ ሰረዘው። እኔ ለጋትሉዋክ የጻፍኩትን ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። በአራተኛው ሳላሳምር ጻፍኩ፤ እርዳታው ለሌላ እንደተሰጠ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ከእነሱ ዘንድ በተቀመጥኩበት ሰዓት ቴሌግራሙ ሄዶ እንደነበር። በሐጂ ኑሩ በኩል ላክሁት።

መልሱ የመጣው በሰኔ ነው። እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

"አቶ ታፈሰ። ደብዳቤህን ለሽማግሌዎች አነበብኩ። ሁለተኛ አንብብ አሉኝ፤ አነበብኩ። ወተት ሲጠጣ ያውቅ ነበር ማለት ነው አሉኝ። አዎ አልኩ። ኪኒኑ በግንቦት አለቀ። አሁን መንደር ነን፣ ዝናብ ነው፣ የታመመ ብዙ ነው። ሽማግሌዎች እንዲህ ብለህ ጻፍ አሉኝ። በእኛ ዘንድ ያጠፋ ሰው ወረቀት አይልክም። ራሱ ይመጣል፤ ከሰው መካከል ይቀመጣል፤ ሁሉም እየሰማው ይናገራል። ከዚያ በኋላ አብረን እንበላለን። ሰላም ሁን። ጋትሉዋክ።"

ወይዘሮ አሰገደች ከራሳቸው፣ እኔ ከጡረታዬ አዋጥተን ሁለት ካርቶን ኪኒን ገዝተናል። ለመንደሩ ክረምት እንደማይበቃ አውቃለሁ። የመኪናው መንገድ እስከ መስከረም አይከፈትም፤ አውሮፕላን ግን በሳምንት አንድ ቀን ይሄዳል አሉኝ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በጀልባ ነው። ባለቤቴ በዚህ ዕድሜህ አብደሃል ብላ ካኮረፈች ሁለት ቀን ሆናት። ለማክሰኞው አውሮፕላን ተመዝግቤአለሁ። ሁሉም እየሰማኝ ምን ብዬ እንደምጀምር ግን እስካሁን አላውቅም።